ጆሮዬ ውስጥ ያደረ

ፈረቃ ቀየርኩኝ ከይመኙሻል ጋራ፤
ሁለት እሑድ ሰጠሁ ላንዲት ቅዳሜ ሥራ።
ትኬቱን ከገዛሁ አሥራ ሦስት ቀን ሆኖት፣
ከፋብሪካው ባጅ ጋር ኪሴ ውስጥ አጥፌው፣
ማታ ማታ አውጥቼ ቁጥሩን አነበብኩት፣
ሎተሪ እንደሚያይ ሰው።

ደብረ ብርሃን ነው፤
ብርድ ገንዘብ ቢሆን ሁላችን ከበርቴ።
ከካናቴራው ላይ የደረብኩት ባና የሟቹ የአባቴ።
ስታዲየሙ በር ላይ ፈታሿ ዳሰሰችው፣
«ምንድን ነው ክብደቱ?» ብላ አነሣችው።
ከኋላ የቆሙት ልጆች ሲሣሣቁ
አንዱ ጎንበስ ብሎ፦ «እማማ፣ ይጠንቀቁ፣
ለቅሶ ቤቱ ማዶ ነው።»
አርባ አራት ዓመቴ ነው።
እማማ ብሎኝ አያውቅም እስካሁን ሰው።

በአሥር የተባለው አንድ ሰዓት አለፈው።
የጠባሴ ነፋስ የመድረኩን ሸራ እየገለበጠ፣
«ቼክ፣ ቼክ፣ አንድ፣ ሁለት» የሚለውን ይዞ
ወደ በረሳ ወንዝ ቁልቁል እየሮጠ።
ጎኔ የቆመው ልጅ፣ ኪሩቤል የሚሉት፣ ባጃጅ ነጂ ነው፤
የሽምብራ ቆሎ እፍኙን ሰጠኝና፦
«ይመጣሉ» አለኝ፣ «እስከዚያ ያስጠጉኝ ከዚች ባና።»

መጡ።
አራት ቀጫጭን ሰዎች፤ አንዱ ራሰ በራ፤
በካሴቱ ልባስ ላይ ጎፈሬው እንደ ጥድ የቆመ፣
ያ ጊታር መቺ፣ ያ ቀብራራ!

የመጀመሪያው ምት
በጆሮ አልገባም።
ከጫማዬ ሥር ተነሣ፣ በጉልበቴ ወጣ፣
የጎድን አጥንቴን፣ በረዶ እንደወረደው ቆርቆሮ፣ አንጣጣ።
ደግሞ መጣ።
ደግሞ።
ሃያ ዓመት ሙሉ የሽመና ማሽን ሲጮህብኝ የኖርኩ፣
ጩኸትን ዐውቃለሁ ባይ ነበርኩ።
የማሽኑ ጩኸት ሰውን ዝም ያሰኛል፣
ይኼኛው አፍ ያስከፍታል።
ዘለልኩ።
እኔ፣ የክፍል ሁለት ተቆጣጣሪ፣
ደረጃ እንኳ ተደግፌ የምወጣው፣ ዘለልኩ፤
ባናው ከትከሻዬ ሲወድቅ ዞሬም አላየሁ።

ከዚያ «የመስተዋት በር» ተጀመረ።

ይኼን ዘፈን ልንገራችሁ።
ከአጎቴ ልጅ የወሰድኩት ካሴት ነበር፤
ሁለተኛው ስንኝ ላይ ቴፑ በልቶት ነበር።
በእስክሪብቶ ጠምዝዤ፣ በጥፍር ቀለም ቀጥዬ፣
የተጨማደደውን ጣልኩ፣ ለተረፈው ብዬ።
ከ«አንኳኳሁ» እስከ «ገባሁ» መካከል ያለው ጠፋ፤
ማን እንደከፈተ፣ ማን እንደገፋ
አላውቅም። ሃያ ሁለት ዓመት ሳንጎራጉር
እዚያች ጋ ስደርስ እዘላለሁ፣
እንደ ተሰበረ የመሰላል እርከን።
«ከስልክ ፈልጊው» ይሉኛል ልጆቼ።
እምቢ። ከአፉ ነው የምሰማው።
ይኸው ቀረበን።

«አንኳኳሁ» አለ።
እና ማይኩን ወደ እኛ አዞረና ዝም አለ።
ዝም አለ!
ስንኙን ስታዲየሙ አነሣው። ስንት ሺህ ጉሮሮ፣
አንዱ ቀድሞ፣ አንዱ ዘግይቶ፣ ነፋስ መሐሉን ቆርጦ፣
በላይ በላዬ ሄደ፣ እንደ ክረምት ጎርፍ ደፍርሶ፣ ተናውጦ።
ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ያልዘፈንኩት እኔ ብቻ ነኝ፤
ለዚያች ስንኝ የመጣሁትም እኔ ነኝ።
ኪሩቤል ዓይኑን ጨፍኖ ይጮኻል፤ ከንፈሩን አየሁት፤
«እጅ» ያለ መሰለኝ። «እጅሽ»? «እጄ»? አልለየሁት።
ከዚያ «ገባሁ!» አለ ዘፋኙ፤ እኔም «ገባሁ!» አልኩኝ፤
በየት በኩል እንደሆን እንጃ፤ ብቻ ገባሁኝ።

ሌሊት በባጃጁ አደረሰኝ፣ ሂሳብ አልቀበልም ብሎ።
ባናውን ከጭቃ ያነሣው እሱ ኖሯል፣ በትከሻው ጥሎ።
ልጠይቀው እችል ነበር።
ቃሉን ያውቀዋል። ዳገቱም ረጅም ነበር፤
ሞተሩ እያቃሰተ፣
ልናገር ብዬ አፌ ተከፈተ፣
«እዚያ ጋ አውርደኝ» አልኩት።

እሑድ አሥራ ሁለት ሰዓት ማሽኑን አስነሣሁ።
ጆሮዬ ውስጥ ያደረ ፉጨት አለ፤
ማሽኑን ከሱ ማዶ ሰማሁ፣
ከሩቅ፣ ቆርቆሮ ላይ እንደሚያካፋ።
ክር ተበጠሰ፤ ቀዩ መብራት በራ፤ ቀጠልኩት።
የባናው ጠርዝ ላይ የሰው ጫማ ምልክት አለ፣
አርባ ሁለት ቁጥር ይሆናል።
እስካሁን አላጠብኩት።